ትንንሽ አውሮፕላኖችና ትልልቅ አሞሮች በሳውዝ ሲ ሰማይ

በደቡብ ናይሮቢ ከሳውዝ ሲ ሰፈር ጋር የሚዋሰነው የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራ፣ በራሪ ሐኪሞች፣ የሳፋሪ አጓጓዦችና የአብራሪነት ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የትንንሽ አውሮፕላኖች ማዕከል ነው። ወደ ምሥራቅ የሚነሡት አውሮፕላኖች በሳውዝ ሲ ጣሪያዎች ላይ ያልፋሉ፤ በስተደቡብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ስላለ፣ አሞራው ፓርኩንና የከተማውን ቆሻሻ እያፈራረቀ በዚያው ሰማይ ይመላለሳል።

ከሁሉ የሚያሰጋው አባ ኮዳ ነው። እስከ 9 ኪሎ ግራም የሚመዝነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2.5 ሜትር ሊበልጥ የሚችለው ይህ ራሰ በራ ወፍ በኒያዮ ስታዲየም አካባቢ፣ በሞምባሳ መንገድ ዳር ባሉ ግራሮች አናት ላይ ለዓመታት ጎጆ ሲሠራ ኖሯል፤ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅም ሽቅብ በሚነሣው አየር ላይ ክንፉን ሳያራግብ እየዞረ ይወጣል። የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች የፊት መስታወት 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ ሲመታው እንዲቋቋም ሕግ ሲያስገድድ፣ በተለመዱት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልተጣለም።

የወፍና የአውሮፕላን ግጭት በምሥራቅ አፍሪካ ሕይወት ቀጥፏል። የሰረንጌቲን እንስሳት ከአየር ይቆጥር የነበረው ጀርመናዊው ሚካኤል ግርዚሜክ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1959 ዶርኒየር አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭቶ በ24 ዓመቱ ሞተ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ደግሞ ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ስለገቡባቸው በግድ ሲያርፍ በእሳት ተያይዞ፣ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞተዋል።

አብራሪው የሚያደርገው ጥንቃቄ አለ። የግጭት ጉልበት ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ አብራሪ የምቱን ጉልበት ወደ ሩብ ያወርደዋል። የተደናገጠ ወፍ ብዙውን ጊዜ ቁልቁል ስለሚወረወር፣ በቂ ፍጥነት እስካለ ድረስ ከፊት ለፊት ለመጣ ወፍ ሽቅብ መውጣት ይመከራል፤ መስታወት ቢሰበርም ቀዳሚው ሥራ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ነው። ነገር ግን ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ፍጥነቱ ገና ሳይጠና፣ አባ ኮዳ ፊቱ ለተደቀነበት ተማሪ አብራሪ ይህ ምክር ብዙ አያደርግለትም፤ መፍትሔው ያለው ቆሻሻውን በሚያስተዳድሩት እጅ ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ የቆሻሻ መድፊያ ከአውሮፕላን ማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዳይኖር ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው የናይሮቢው የዳንዶራ ቆሻሻ መድፊያ ግን ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ከኢስትሊ የአየር ኃይል ጣቢያ ከዚህ ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛል። መድፊያው በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ሩዋይ ይዛወር ሲባል የኬንያ ኤርፖርቶች ባለሥልጣን የወፎቹን ስጋት አንሥቶ ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት ዳንዶራ በ6 ወር ውስጥ እንዲዘጋ ቢያዝም፣ የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላም ቆሻሻ መድፋቱ ቀጥሏል። መድፊያው የትም ቢሄድ የቄራ ተረፈ ምርትና የምግብ ትራፊ ዕለት ዕለት አፈር እስካልለበሰ ድረስ አሞራው ተከትሎት ይሄዳል።