ስደተኝነቱ ታወቀ፤ ከዚያስ?

ኢንዶኔዢያ ውስጥ ለዓመታት ስለሚጠባበቁ የአፍጋኒስታን ሃዛራዎች ሲነሳ፣ ‹‹ተ.መ.ድ. ስደተኛ ናቸው ካለ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?›› የሚለኝ ብዙ ነው። ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነው። የ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) ኮንቬንሽን ስደተኛን ወደሚሳደድበት አገር መመለስን ይከለክላል እንጂ፣ ሦስተኛ አገር ወስዶ እንዲያሰፍረው አያስገድድም። መመለሱማ እንዴት ይታሰባል? በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ካቡል ውስጥ ሃዛራዎች በሚበዙበት ሰፈር፣ ለፈተና ከተቀመጡ ተማሪዎች መካከል ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹ ልጃገረዶች ነበሩ።

ኢንዶኔዢያ ኮንቬንሽኑን አልፈረመችም። ስደተኛው እንዲቀመጥ ትታገሠዋለች፤ ሠርቶ እንዲበላ ግን አትፈቅድለትም። አውስትራሊያም ከጁላይ 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ እዚያ የተመዘገበን እንደማትወስድ አስታውቃለች።

የቀረችው ካናዳ ናት። አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ስደተኛውን ለ12 ወራት ሊደግፉ ይፈርማሉ። አዲስ አበባ ያሉ ኤርትራውያን ስደተኞች ‹‹ስፖንሰር›› የሚሉት ይህንን ነው። ደግ አሠራር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ካናዳ ሰው የሌለው፣ አደጋው የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ከማን ይጀምር?

ማመልከቻው ከቦታው በልጦ ስለተከማቸ፣ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ካናዳ ከአምስት ሰዎች ቡድን አዲስ ማመልከቻ መቀበሏን አቋረጠች። ያኔ መዋጮው ተጠናቆለት ፎርም ሲሞላ የነበረው ሃዛራ ይግባኝ የሚልበት ችሎት የለውም። የተነፈገው ፈቃድ እንጂ መብት አልነበረምና።