ቀድሞ የመጣ የሆስፒታል ጥሪ፤ ይቀበሉታል ወይስ ይቆዩበታል?

በአሜሪካ አገር የሕክምና ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ በሚመርጠው የሙያ ክፍል ሐኪም ሆኖ ለመሥራት በአንድ ሆስፒታል በረዚደንትነት መሠልጠን አለበት፤ ሥልጠናውም እንደ ሙያው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ሆስፒታል ከሌሎቹ ቀድሞ «ቦታ ሰጥቼሃለሁ፤ መልስህን ግን በቶሎ አስታውቀኝ» ቢለው ተማሪው ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄውን ለመመለስ ችኮላው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የመጀመሪያው የሆስፒታል ሥልጠና ኢንተርንሺፕ ይባል ነበር። ቦታው ብዙ፥ ተመራቂው ጥቂት ስለ ነበረ፥ እያንዳንዱ ሆስፒታል ጎበዝ ተማሪ እንዳያመልጠው ከጎረቤቱ ቀደም ብሎ ይጠራል፤ ጎረቤቱም በሚመጣው ዓመት ይበልጥ ይቀድማል። በዚህ እሽቅድምድም በ1944 ጥሪው ከመመረቂያው ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሆስፒታሉ የተማሪውን ችሎታ፥ ተማሪውም የሚወደውን ሙያ ገና ሳያውቁ ይዋዋሉ ነበር ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ለሁለቱም ይሠራል።

በ1945 ትምህርት ቤቶቹ ከተወሰነ ቀን በፊት የተማሪዎቹን ማስረጃ ላለመስጠት ተስማሙ። በዚህም የጥሪው ቀን ተገታ፤ ችኮላው ግን ወደ መልሱ ተዛወረ። ሆስፒታል ለ የጠራው፥ አብልጦ በሚወደው በሆስፒታል ሀ ደግሞ ተጠባባቂ የሆነ ተማሪ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰዓት ያዘገያል፤ ለ ግን ቦታው ባዶ እንዳይቀርበት ይፈራል። ስለዚህ በ1945 10 ቀን የነበረው የማሰቢያ ጊዜ በየዓመቱ እየተቆረጠ ሄደ። በ1949 ጥሪው ልክ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቴሌግራም ተልኮ ተማሪው እስከ ቀትር እንዲያስብ ሐሳብ ቢቀርብ፥ የሆስፒታሎቹ ማኅበር ይህ የ12 ሰዓት ጊዜ በዛ ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ያስባል።

በ1952 ማእከላዊ ምደባ ተጀመረ። ተማሪዎችና ሆስፒታሎች የምርጫቸውን ቅደም ተከተል ጽፈው ይልካሉ፤ ስሌቱ ያገናኛቸዋል። መጀመሪያ የታሰበው ስሌት እውነተኛ ምርጫውን የጻፈውን ተማሪ የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ ተማሪዎቹ ተቃውመው አስለውጠውታል። ከ1998 ምደባ ጀምሮ ደግሞ ስሌቱ ከተማሪው ምርጫ እንዲነሣ ተደርጎ፥ የልቡን የጻፈ ተማሪ ባይጻፍ ይሻለው ነበር የሚባልበት ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የማሻሻሉን ሥራ ከመሩት አንዱ አልቪን ሮዝ በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ ተነሥተን ስንፈርድ፥ ቀድሞ የመጣ ጥሪ ዋጋው የሚታወቀው ተማሪው በምደባው ገብቶ ቢሆን ያን ሆስፒታል ስንተኛ አድርጎ ይጽፈው እንደ ነበር ሲጠየቅ ነው። አንደኛ የሚያደርገው ከሆነ ይፈርም፤ የሚያጣው የለም። አራተኛ ወይም አምስተኛ ከሆነ ግን፥ ጥሪው የሚያስደስተው ብቻውን ስለ ቀረበ ይመስለናል። ውጤቱ ደካማ ለሆነና ጨርሶ ቦታ እንዳያጣ ለሚሠጋ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ብለን አንነቅፈውም። ከኢትዮጵያ ተመርቀው ወደዚያ የሚሄዱ ሐኪሞች በዚህ ሥጋት ውስጥ ያሉ ናቸው። የውጭ አገር ምሩቃን ቀድሞ ከምደባው ውጭ መፈረም ይችሉ ነበር፤ ከ2013 ምደባ ወዲህ ግን የተመዘገበ የሥልጠና ክፍል፥ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፥ ቦታዎቹን ሁሉ በምደባው እንዲሰጥ ይገደዳል።

ከመፈረም በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላው ነገር ፊርማው ያስራል ወይስ አያስርም የሚለው ነው። የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች የራሳቸውን ምደባ በ1990ዎቹ መጨረሻ ትተው ጥሪው እንደገና እየቀደመ አስቸግሯቸው ነበር። በ2006 ምደባውን ሲመልሱ፥ ቀድሞ የፈረመ ሰው ሐሳቡን ለውጦ በምደባው እንዲገባ ፈቀዱ። ተማሪው ሊተወው የሚችለውን ጥሪ ቀድሞ መላክ ለሆስፒታሉ ብዙም የሚጠቅመው አልሆነም።