ባለቤት የሌለው ወሬ

የዋግ ከተማ ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን የወጣው አሞሌ ጨው በዋግ ሹሞች ግዛት እየተራገፈ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ሲሻገር፥ ነጋዴው ከጨው ጋር ወሬም ይዞ ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን ያ ወሬ ከነአምጪው የሚታወቅ፥ ስምና አገር ያለው ሰው በአፉ የሚመሰክርለት ነበር። ጨው ቆራጮቹ አፋሮች እስከ ዛሬ በሚጠብቁት ዳጉ በተባለው ሥርዓት ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታውን ካደረሱ በኋላ ተቀምጠው፥ በዓይን የታየውን በጆሮ ከተሰማው ለይተው ይነጋገራሉ፤ ሐሰት ያቀበለም በጎሣው ዘንድ ይነቀፋል። ፍትሐ ነገሥታችንም ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ምስክሮችን እንዲሰማ ያዝዛል።

ዛሬ በፌስቡክ፥ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚደርሰን የፖለቲካ ወሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት የለውም። ጸሓፊው በሐሰት ስም ይሰወራል፤ በሌላ አገር ጦርነት የተነሣው ፎቶግራፍ የእኛ ቀበሌ ሥዕል ሆኖ ይቀርባል፤ የሚያሰራጨውም ጠላት ሳይሆን የምንወደው ዘመዳችን ስለ ሆነ በቀላሉ እናምነዋለን። የአሜሪካ ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ በትዊተር ላይ ሐሰተኛው ዜና ከእውነተኛው ይልቅ ፈጥኖና ርቆ እንደሚጓዝ፥ ሰዎች መልሰው የሚያሰራጩበትም ዕድል በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ምክንያቱም ሐሰት እንደ ልብ ስለሚፈጠር ሁልጊዜ አዲስና አስደንጋጭ ነው፤ እውነት ግን በሆነው ነገር የተወሰነች ናት።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዋግ በደረሰ ጊዜ፥ ስልክ ተቋርጦ የሰቆጣ ሰው ድምፁ ሲጠፋ፥ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያለው ወገን የእናቱን ደኅንነት ከማያውቀው ሰው ገጽ ላይ ይፈልግ ነበር። በእንዲህ ያለ ጸጥታ ውስጥ የተዘራ ወሬ ሁሉ ይበቅላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜም ሐሰቱ ከአፍ ወደ አፍ መሄዱን አልተወም፤ ማስተባበያው ግን መንገድ አጣ። ስለዚህ መስመር መዝጋት መድኃኒት ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም።

የሐሰት ቃል ነፍስ ሊያጠፋ እንደሚችል ባሕር ዳር ምስክር ናት። በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ፥ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፥ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለመመልከት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። እኛም ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨውን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስፈርድበታል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ባለቤቶችም ጥቆማው በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡት ይሻል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከተሠራጨ በኋላ ነው፤ ሐሰቱን ከእውነቱ የመለየት ሥልጣን ሁሉ ለመንግሥት እጅ ቢሰጥም ተቃውሞን ሐሰት ብሎ የመጥራት ፈተና አይቀርም።

ሕዝብን የሚጠብቀው አስቀድሞ የተዘጋጀ ልቡና ነው። ዊሊያም ማክጓየር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከ60 ዓመት በፊት እንዳስተማረው፥ ሰው የሚያሳስተውን ክርክር በትንሹ አስቀድሞ ቢያየውና መልሱን ቢለማመድ፥ በኋላ ዋናው ሐሰት ሲመጣበት ልክ እንደ ተከተበ ሰው ይቋቋመዋል። ተማሪው አንድ የሐሰት ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ተሰጥቶት ማን ጻፈው፥ ያየ ነው ወይስ የሰማ፥ ሥዕሉ መቼና የት ተነሣ ብሎ ቢመረምር፥ በስልኩ ላይ ያንኑ ለመድገም አይቸገርም። ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ የተባሉት መርማሪዎች ይህን ሥራ በሰፊው አስለምደዋል።

ለዋግ ግን ቋንቋም ጉዳይ ነው። በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ ኽምጠኛ የሚናገረው ገበሬ በወረቀት የተጻፈ የአማርኛ ማስተባበያ እስኪደርሰው ድረስ ወሬው ሥራውን ፈጽሟል። የአማራ መገናኛ ብዙኃን በኽምጠኛ የሚያሰማው ፕሮግራም፥ ቋንቋውን የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶችና ሕዝቡ የሚሰማቸው ካህናት አሉለት፤ ስለዚህ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ለየወረዳው አንድ መርማሪ መድቦ፥ በሳምንቱ የተናፈሰውን ወሬ ከነማስረጃው አጣርቶ፥ ያልተረጋገጠውንም አልተረጋገጠም ብሎ፥ በገበያ ቀን ሕዝቡ በተሰበሰበበት በኽምጠኛ ቢያስነግር፥ የእያንዳንዱ ወረዳ ወጪ ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝና ከአንድ ድምፅ ማጉያ ብዙ አይርቅም።