በረዶ በጣት

የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውንም፣ በሰሜኑ ዓለም እንደ ባዘቶ በዝምታ ወርዶ ምድርን የሚያለብሰውንም እኛ በአማርኛ በአንድ ስም በረዶ ስንለው፣ ግእዝ ግን የፊተኛውን በረድ፣ የኋለኛውን ሐመዳ ብሎ ለይቶታል፤ ውርጩንም ለብቻው አስሐትያ ይለዋል። እነሆ ዛሬ የማነሣው በሐመዳ ላይ ስለሚደረግ ውድድር ነው፤ ይሁን እንጂ ተወዳዳሪው ሐመዳውን ሳይረግጥ፣ ካፖርት እንኳ ሳይደርብ በጣቶቹ ብቻ ድል የሚነሣበት ነው።

ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዊንተር ሂት» የሚል ስም የሰጠውን የቪዲዮ ጨዋታ ለሕዝብ መጫወቻ ቤቶች ያቀረበው፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1997፣ ማለት የናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በ1996 የወጣው የአትሌቲክስ ጨዋታ «ዴካትሊት» ታላቁ ሲሆን፣ የኦሎምፒኩን ስም የመጠቀም መብት ለተቀናቃኙ ለኮናሚ ስለ ተሰጠ ታናሹ በአምስቱ ቀለበቶች ሳያጌጥ መጣ። በውስጡ 11 ውድድሮች አሉ፤ ቁልቁል በስኪ መምዘግዘግ፣ ከከፍታ ዘሎ በአየር ላይ እንደ ንስር መዘርጋት፣ እንዲሁም የአገር አቋራጭ ስኪ፣ ማለት የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሎምፒያን ሆኖ የቀረበበት ስፖርት፣ ከእነዚሁ ይቈጠራሉ።

የማሽኑ ቁልፎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ለሩጫ፣ አንዱ ለሌላው ድርጊት። ተጫዋቹ ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻው እስኪዝል ድረስ፣ ሁለቱን እያፈራረቀ እንደ ከበሮ ሲደበድባቸው በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ተወዳዳሪ ይፈጥናል፤ ከመዝለያው ጫፍ ሲደርስ ግን ሦስተኛውን በትክክለኛዋ ቅጽበት ካልነካ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህ የአጨዋወት ሥርዐት ኮናሚ በ1983 ካወጣው «ሃይፐር ኦሊምፒክ» የተወረሰ ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ የጃፓን ተጫዋቾች የብረት ማስመሪያ ይዘው ይመጡ ነበር፤ አንዱን ጫፍ ጨብጠው ሌላውን ሲያስፈነጥሩት፣ ብረቱ እየተርገበገበ ቁልፉን ከማንም ጣት አስበልጦ ይመታዋል። ማጭበርበር ነው የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም፤ ብልሃት መሆኑን ግን እሱም አይክደኝም።

የቤቱ እትም በ1998 ሳተርን ለተባለው የሴጋ የቤት መጫወቻ ማሽን ወጣ። በዚያ ዘመን ከመጫወቻ ቤት ወደ ቤት የሚገባ ጨዋታ በመንገድ እንደ ከሳ ከብት ምስሉ ደብዝዞ፣ እንቅስቃሴው ተጎትቶ መድረሱ የተለመደ ነበር። ይህኛው ግን ከዚህ ዕጣ ተረፈ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የተሠራበት የመጫወቻ ቤት ማሽን ከሳተርን ጋር በአንድ አንጀት የተሠራ፣ ሁለት ተመሳሳይ የሂታቺ አንጎለ ኮምፒውተሮች ያሉት መንትያው ነበር። ስሙም ቲታን ነው፤ ቲታን ደግሞ ሳተርን በተባለችው ፕላኔት ዙሪያ የምትዞር ጨረቃ ናት። የሁለቱ ማሽኖች ዋና ልዩነት ቲታን ጨዋታውን ከካርትሪጅ፣ ሳተርን ከሲዲ ማንበቡ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ለሚጠይቀኝ፣ የቤቱ እትም በመልክ ከመጫወቻ ቤቱ እትም ብዙም አያንስም፤ የሚጎድለው ጡጫ የሚችለው ሰፊው የቁልፎች ገበታ ነው፤ በመዳፍ በሚያዝ ትንሽ ጆይስቲክ ላይ አውራ ጣት ቶሎ ይደክማል። ልትሞክረው የምትሻ አንባቢ፣ ጆይስቲኩን ከጭንህ አውርደህ ጠረጴዛ ላይ አኑረውና በሁለት እጅህ ጣቶች ምታው።