የአየር አምቡላንስ በአሜሪካ፦ ፈቃዱ የማን ነው?

በመኪና አደጋ ክፉኛ የተጎዳ ሰው የሚያነሳውን ሄሊኮፕተር አይመርጥም። ዋጋ አይጠይቅም፤ ነርሷ የት እንደሠለጠነች፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደተቀመጠ፣ አብራሪው በቂ እንቅልፍ ማግኘቱን አያጣራም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያጣራለት የሚገባ ሌላ አካል አለ። በአሜሪካ ይህ ኃላፊነት ለሦስት ተከፍሏል፦ ለፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር፣ ለየግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት እና የጥራት እውቅና ለሚሰጡ ገለልተኛ ድርጅቶች። ለታካሚው በጣም የሚቀርበው ግዛቱ ቢሆንም፣ እጁ የታሰረውም እሱ ነው።

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ፣ የግዛቱ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1970 ቁስለኞችን በሄሊኮፕተር ማንሳት ጀመረ። በ1972 የዴንቨሩ ቅዱስ አንቶኒ ሆስፒታል የራሱን አገልግሎት አቋቋመ፤ ሆስፒታል ያቋቋመው የመጀመሪያው የሲቪል የሄሊኮፕተር አምቡላንስም ይኸው ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በ2002 አዲስ የክፍያ ተመን ካወጣ ወዲህ ግን ከሆስፒታል ውጭ ያሉ፣ ለትርፍ የሚሠሩ ኩባንያዎች በዙ።

ግዛቶችን ያሰረው ሕግ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1978 የወጣ ነው። ኮንግረስ አየር መንገዶችን ከመንግሥት ቁጥጥር ሲያላቅቅ የመንገደኛ ዋጋ በውድድር እንዲረክስ አስቦ ነበር። ግዛቶች በጓሮ በር ገብተው ቁጥጥሩን እንዳይመልሱት፣ በአየር አጓጓዥ ዋጋ፣ መስመርና አገልግሎት ላይ ሕግ እንዳያወጡ ከለከላቸው። የአየር አምቡላንስ ኩባንያም በሕግ ፊት አየር አጓጓዥ ነው። ስለዚህ ለመንገደኛ ቲኬት የተጻፈው አንቀጽ ራሱን ስቶ ለተኛ ታካሚም ይሠራል።

የዚህ ውጤት በፍርድ ቤት ታይቷል። ሚኒሶታ «አገልግሎቱ በአካባቢው ማስፈለጉ ካልተረጋገጠ ፈቃድ አልሰጥም» ስትል የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 አልተቀበላትም። ሰሜን ካሮላይናም ተመሳሳይ መስፈርት ይዛ በ2008 በፌዴራል ፍርድ ቤት ተረታች። ቴነሲ ደግሞ ሄሊኮፕተሮች ሊይዙት ስለሚገባ የበረራ መሣሪያ ደንብ አውጥታ ነበር፤ የበረራ ደኅንነት የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ነው ተብሎ በ2007 ደንቡ ቀረ።

ታዲያ ለግዛቱ ምን ተረፈው? ሕክምናው። ማን ከታካሚው ጎን እንደሚቀመጥ፣ ነርሱና ፓራሜዲኩ ምን የሙያ ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው፣ አገልግሎቱን የሚመራ ሐኪም መኖሩን፣ ምን መድኃኒትና መሣሪያ እንደሚያዝ፣ የውስጡን ንጽሕና ግዛቱ ሊደነግግ ይችላል። የግዛት የአምቡላንስ ፈቃድ የሚባለው በዋናነት ይህ ነው። መስመሩ ግን በወረቀት ላይ እንደሚታየው ጥርት ያለ አይደለም። ቬንቲሌተርን እንውሰድ፦ መሣሪያው እንዲኖር ማዘዝ የግዛቱ ነው፤ ያ መሣሪያ ከሄሊኮፕተሩ አካል ጋር በብሎን ሲታሰር ግን የአቪዬሽን አስተዳደሩ ጉዳይ ይሆናል። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት መንግሥታት ጎን ለጎን ይሠራሉ።

የፌዴራሉ ወገንም ቢሆን የነቃው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። 2008 ለዚህ ሙያ እጅግ መራር ዓመት ነበር። ሰኔ 29 ቀን በአሪዞናዋ ፍላግስታፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሁለት ኩባንያዎች ሄሊኮፕተሮች ታካሚ ይዘው ወደ አንድ ሆስፒታል ሲቃረቡ አየር ላይ ተጋጩ፤ ሰባት ሰዎች አለቁ። የአቪዬሽን አስተዳደሩ ጠንከር ያለ ደንብ ያወጣው በ2014 ነው። ሄሊኮፕተር ወደ መሬት ወይም ወደ ተራራ ሲጠጋ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ግዴታ ሆነ፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሄሊኮፕተር ያለው ኩባንያ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዲኖረው ታዘዘ። ከደንቡ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ግን ከበረራ በፊት የሚደረገው የአደጋ ግምገማ ነው፤ ይህን ጥሪ ሌላ ኩባንያ አልበርም ብሎ እንደሆነ ማጣራትንም ይጨምራል። ከዚያ በፊት አንዱ አብራሪ አየሩ አላማረኝም ብሎ ሲተው፣ ጠሪው ያንን ሳይናገር ለሌላ ኩባንያ የሚደውልበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው የመጀመሪያው ያየውን ሳያውቅ ይነሳል።

ደንብ ብቻውን የማይሸፍነውን ለመሙላት እውቅና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዘርፉ ስሙ የሚነሳው ካምትስ የተባለው ኮሚሽን በ1990 የተመሠረተ ሲሆን፣ በቦርዱ የሐኪሞች፣ የነርሶች፣ የፓራሜዲኮችና የአብራሪዎች ማኅበራት ተወክለዋል። በአውሮፓ በ1992 የተቋቋመው ዩራሚ አለ፤ ከ1957 ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካን የሚያገለግለው የናይሮቢው አምሬፍ በራሪ ሐኪሞችም እውቅናውን ያገኘው ከዚሁ ነው። አሠራሩ ይመሳሰላል፦ ኩባንያው ስለራሱ ብዙ ሰነድ ይሞላል፤ ከዚያ በሙያው የሠሩ መርማሪዎች ጣቢያው ድረስ ሄደው ሠራተኛውን ያነጋግራሉ፣ መዝገቡን ያገላብጣሉ። ሙሉ እውቅና ለሦስት ዓመት ይቆያል።

በጎነቱ ሕግ የማይደርስበት ድረስ መግባቱ ነው። በጥሩ ጣቢያዎች አብራሪው ታካሚው ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ እየሞተ ይሁን አይሁን አስቀድሞ አይነገረውም፤ ልቡ ራርቶ በመጥፎ አየር እንዳይነሳ። ከሦስቱ የበረራ ባልደረቦች አንዱ «አልተመቸኝም» ካለ በረራው ይቀራል፤ ያ ሰውም አይወቀስም። እንዲህ ያለው ልማድ በቅጣት አይተከልም፤ ማታ ተረኛ የሆነችውን ነርስ ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። ይሁን እንጂ እውቅናው በፈቃደኝነት ነው፤ ወጪውንም የሚከፍለው ተመርማሪው ራሱ ነው። አንዳንድ ግዛቶች በቀጥታ ማዘዝ ያልቻሉትን በዚህ መንገድ ለማግኘት እውቅናን ከፈቃዳቸው ጋር አያይዘዋል። ጥረታቸውን እደግፋለሁ፤ ሆኖም አንድ መንግሥት ሕዝቡን ለመጠበቅ የግል ድርጅት ምስክር ወረቀት መዋሱ ትክክለኛ ሥርዓት ነው ብዬ አላምንም።

ከሁሉ የባሰው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳጠናው፣ በ2017 ለአንድ የሄሊኮፕተር ጉዞ የተጠየቀው መካከለኛ ዋጋ 36,400 ዶላር ገደማ ነበር፤ የግል ኢንሹራንስ ካላቸው ታካሚዎች ጉዞ ውስጥ ባጠናው መረጃ 69 በመቶው ከኢንሹራንሱ ጋር ውል በሌለው ኩባንያ የተደረገ ነው። ግዛቶች ዋጋውን እንዳይነኩ ሕጉ ስለከለከላቸው፣ መፍትሔው ከኮንግረስ ብቻ ነበር የሚጠበቀው። ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራው ያልተጠበቀ የሕክምና ሂሳብን የሚከለክለው ሕግ፣ ኢንሹራንስ ያለው ታካሚ ውል ከሌለው የአየር አምቡላንስ፣ ኩባንያው በጠየቀውና ኢንሹራንሱ በከፈለው መካከል ያለውን ልዩነት እንዳይጠየቅ አድርጓል። የመሬቱን አምቡላንስ ግን አልጨመረም።

የጣቢያዎች አቀማመጥ እስከ ዛሬ ባለቤት የለውም። በአንድ ከተማ ዙሪያ ሦስት ኩባንያ ቢሰፍር፣ ራቅ ያለው ገጠር አንድም ባይደርሰው፣ ግዛቱ ማዘዝ አይችልም። ኩባንያዎች የጉዞውን ቀሪ ሂሳብ አንጠይቅም እያሉ ለገጠር ቤተሰቦች የሚሸጡት ዓመታዊ አባልነትም እንዲሁ ነው፦ ሰሜን ዳኮታ ሽያጩን በሕግ ብትከለክል፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2021 ያንኑ የ1978 አንቀጽ ጠቅሶ ሕጓን ሽሮታል። አንቀጹን ማሻሻልና ለታካሚ ማጓጓዣ የተለየ ድንጋጌ ማውጣት የሚችለው ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ግዛቶቹም ደጋግመው እየጠየቁ ያሉት ይህንኑ ነው።