የሐረር ሙሽራ ግድግዳ

አንዳንድ የአዲስ አበባ ሰርግ አዳራሾች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰፌድ አብዝተዋል። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባ በአለላ ያሸበረቁ ስፌቶች ይደረደራሉ፣ ጥግ ላይ ሞሰብ ይቆማል፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ፎቶው ያምራል። ሰርገኛው ሲበተን ግን የዲኮር ሠራተኞች መሰላል ይዘው ይመጡና ሁሉንም ለቅመው ይጭኑታል፤ በማግስቱ የሌላ ሙሽራ ጌጥ ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሙሽራ ቤት የሚያጌጠው ዓመታት በወሰደ የእጅ ሥራ ነው፣ ሰርጉ ካለፈም በኋላ የሚያወርደው የለም።

በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በዚህች አሮጌ ከተማ፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ከውጭ ለሚያየው የድንጋይና የጭቃ አጥር ብቻ ነው። ግቢውን አልፎ ወደ ውስጥ የዘለቀ እንግዳ ግን መጀመሪያ የሚያየው ነደባ የሚባሉትን ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ነው፤ በቀይ አፈር ተቀብተው፣ ምንጣፍ ለብሰው። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ሲባል ይሰማል። ግድግዳው ላይ 11 ያህል ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ ስኒ፣ ሳህንና መጽሐፍ ይቀመጥባቸዋል። ከዚያ የተረፈውን ቦታ ስፌት ይሞላዋል፤ ትንሹ ከትልቁ፣ ጠፍጣፋው ከባለክዳኑ ጎን፣ በመካከላቸው በቀለም ያጌጡ የብረት ሳህኖችና ጥቁር የእንጨት ገበታዎች።

ይህ ሁሉ ለእንግዳ የሚናገረው አለው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከታየ፣ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ሽማግሌ ለመላክ ላሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም! የግድግዳው ስፌት ደግሞ የእናቲቱንና የልጆቿን ሙያ ያሳያል። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ስምና ቦታ አለው፤ የፍንጃል መያዣው ለብቻ፣ ለአማት የሚበረከተው ለብቻ። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ሄክት በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ሐረር ስፌት ባሳተመችው ጥናት የስፌቶቹን ስምና አገልግሎት መዝግባለች።

ሥራው ከመሐል ይጀምራል። ቀጭን የሣር እስር እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ በወስፌ ይበሳል፣ በቀዳዳው ውሃ የነካው አለላ ይገባና ተስቦ ይጠብቃል፤ አለላው ደረቅ ከሆነ ይሰበራል። ከዚያ ዙር በዙር ይቀጥላል፣ እያንዳንዱ ጥልፍ የፊተኛውን ዙር እየያዘ። ንድፉ በወረቀት አይሰፍርም። ሰፊዋ ቀዩ ስንት፣ አረንጓዴው ስንት እንደሆነ በልቧ ትቆጥራለች። መሐል ላይ አንድ ጥልፍ ካመለጣት ስህተቱ ጎልቶ የሚታየው ዳር ላይ ኮከቡ ሲዛባ ነው፤ ያኔ ያለው ምርጫ ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ጥሩ ስፌት ወራት የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጃገረዶች ይህን ሙያ የሚማሩት ከጎረቤት ተሰባስበው፣ በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ነበር። እየሰፉ ይጨዋወቱ፣ እየተጨዋወቱ ለትዳራቸው የሚሆነውን ያከማቹ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱና ሥራው ጊዜውን ወስዶታል። ስለዚህ ብዙ ሙሽራ ስፌቷን በራሷ እጅ አትጨርስም፤ ከእናቷ ትወርሳለች፣ ወይም ከሰፊዎች ትገዛለች። ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩት አሉ። ግዢው ግን በቤታቸው ቁጭ ብለው ለሚሰፉ ሴቶች የራሳቸው ገቢ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሰርጉ ሲቃረብ ቤቱ እንደገና ይለቀለቃል፣ ስፌቱ ወርዶ አቧራው ይራገፍና ተመልሶ ይሰቀላል። ድግሱን የሚያግዘው በደስታም በሐዘንም የሚደርሰው የአካባቢው ማኅበር፣ አፎቻ፣ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ታች በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ስሙን በሰጡት የስፌት መኪናዎች ፊት፣ የሰርግ ልብስ ይሰፋል። ሙሽሮቹም በድሮው ልማድ ከመደቦቹ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ለሳምንት ይከተቱ ነበር፤ ምግባቸውም በትንሽ ቀዳዳ ይገባላቸው ነበር።

ስፌቱን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት የማይመቸው፣ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ይጎብኝ። ሊገዛ የፈለገ ደግሞ ፊቱን ብቻ አይቶ አይዋዋል። ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት፦ ጥልፉ እኩል ካልሆነ፣ ዙሮቹ መካከል ብርሃን ከታየ፣ በጥድፊያ የተሰፋ ነው። ጠርዙን በጣት ጫን ሲሉት የሚተኛም እንዲሁ። ዋጋውን መጠየቅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።