ካርታው የማያሳየው ክፍል

ይህ በእኛው መካከል ይቅር። ወረርሽኝ በገባ ቁጥር በቴሌቪዥን የምታዩት ቀይና ቢጫ የተቀባ ካርታ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ማታ ከየወረዳው የሕሙማን ቁጥር ይገባል፣ ለሕዝብ ብዛት ይካፈላል፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ከአለቆች የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄም ያው ነው፦ «ሕዝብ የተፋፈገበት የትኛው ነው?»

የጓዳው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የምናካፍልበት የሕዝብ ቁጥር ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ኮንዶሚኒየም ተገንብቶ በሺህ የሚቆጠር አባወራ በአንዴ የገባበት ወረዳ፣ ታህቱ ስለሚያንስ ከልኩ በላይ የታመመ ይመስላል። ነዋሪው ለልማት የተነሣበት ወረዳ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ይታያል።

የጥግግቱ ስሌት ይብሳል። የአዲስ አበባውን የካ ክፍለ ከተማ ውሰዱ። የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢና የየካ ተራራ ደን ከመንደሩ ጋር አንድ ላይ ተደምረው በካሬ ኪሎ ሜትር ይሰላሉ። በአንዲት የቀበሌ ቤት ክፍል ሰባት ሆነው የሚያድሩ ሰዎች በዚያ አማካይ ውስጥ ይጠፋሉ። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ የሚመቹት ግን መስኮቱ የተዘጋ ክፍልና እዚያ ውስጥ ለሰዓታት የሚቆዩ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ከሲንጋፖር የበለጠ ማስረጃ አላየሁም (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች ናቸው)። በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሺህ ሰው ይኖርባታል። በ2020 መጀመሪያ ኮሮናን በመቆጣጠሯ ዓለም ሲያወድሳት ነበር። ኤፕሪል ላይ ግን ከውጭ አገር የመጡ ሠራተኞች በሚያድሩባቸው ዶርሞች በሽታው ገነፈለ። በአንድ ክፍል ከ12 እስከ 20 ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ መታጠቢያ፣ የጋራ ማብሰያ። ዓመቱ ሲያልቅ መንግሥት ራሱ ባወጣው መረጃ፣ 320 ሺህ ከሚሆኑት የዶርም ነዋሪዎች 47 በመቶው ተይዘው ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ በዚያችው ከተማ፣ ፎቅ በፎቅ በሆነው ሰፈር የተያዘው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ዘገባ ሳነብ ልቤ የሄደው በዚያው ዓመት ሳዑዲ ውስጥ በማቆያ ማዕከላት ታጉረው ወደነበሩት ወገኖቻችን ነው።

የሕዝብ ብዛትስ? እሱ ሥራው ሌላ ነው፤ ከጥግግት ጋር ሲያምታቱት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዛት የሚወስነው በይበልጥ በሽታው ከገባ በኋላ መክረም አለመክረሙን ነው። በ1846 ኩፍኝ በመርከብ ወደ ፋሮ ደሴቶች ገባ። ነዋሪው 8 ሺህ አይሞላም፤ በየባሕር ዳሩ በትናንሽ መንደሮች ተበታትኖ ይኖር ነበር። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ከ6 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ፓኑም የተባለው ወጣት የዴንማርክ ሐኪም መንደር ለመንደር ዞሮ እንደመዘገበው፣ ከ65 ዓመት በፊት በ1781 ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አዛውንቶች አልተነኩም። ወረርሽኙም የሚይዘው ሰው አጥቶ ከሰመ። ኩፍኝ ሳይቋረጥ እንዲኖር ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከ250 ሺህ እስከ 500 ሺህ ነዋሪ ያለው ከተማ ያስፈልገዋል፤ እዚያ በየሳምንቱ የሚወለዱት ሕፃናት እሳቱ እንዳይጠፋ የሚያደርጉ አዲስ ማገዶዎች ናቸው። አዲስ አበባ ይህን መጠን ካለፈች ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗታል። ስለዚህ እዚህ ክትባት ለጥቂት ወራት ሲስተጓጎል ቀልድ አይደለም።

በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል የሚለውን ጉዳይ በስብሰባ ላይ ደጋግሜ አንስቻለሁ። «በጀት የሚመደበው በወረዳ ነው» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። መረጃ የለም እንዳትባሉ ግን። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ውስጥ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖርና ለመኝታ የሚያገለግሉት ክፍሎች ስንት እንደሆኑ የሚሞላበት ቦታ አለ። ጠያቂዎች ቤት ለቤት ዞረው ሞልተውታል። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ያ ካርታ ሲዘረጋ እጃችሁን አውጥታችሁ ይህንኑ ጠይቁ፦ ቀይ በተቀባው ወረዳ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ነው የሚያድረው?